ለጓደኛህ የ«ድሮ» ሠርግ ሚዜ ስትሆን፦ ከልብሱ እስከ ሐይቅ ጉዞ

የጥሪ ካርዱ የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። የሙሽሮቹ ስም፣ ቀኑ፣ አዳራሹ፣ ከግርጌው ደግሞ በቀይ ቀለም «አለባበስ፦ ድሮ»። በቃ። ማብራሪያ የለው፣ ምሳሌ የለው።

ደወልኩለት።

«ድሮ ማለት?»

«ድሮ ነዋ! አብሽር፤ ሚዜ አይደለህ? አንተ አታጣውም» ብሎ ዘጋው።

አጣሁት።

ሠርጉ በጥር ነበር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። የሙሽራው ቤተሰብ ደሴ፣ የሙሽሪት ኮምቦልቻ። ከዚያ በፊት ደግሞ እኛ ሚዜዎቹ ሙሽራውን ይዘን ሐይቅ ከተማ ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ ባችለር መሆኑ ነው። አራት ነን። ሁለታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያስ?» ነው የሚለው። ምግቡ ላይ ግን ለውጥ ያመጣል፤ እደርስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች እንዲህ ያለ ሠርግ ተጠርተው ምክር ጠይቀውኛል። አራተኛው ከመደወሉ በፊት ልጻፈው ብዬ ነው። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው የማውቀው የወንድ ሚዜነትን ስለሆነ ነው። እህቶቼ፣ የልብሱና የመንገዱ ነገር ለእናንተም ይሆናል።

1. «የትኛው ድሮ?» ብለህ ጠይቅ

ድሮ ለአንዱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ዘመን ነው፤ ካባና በርኖስ፣ ጋሻና ጎፈር። ለሌላው 1960ዎቹ ነው፤ አፍሮ፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ እስከ ደረት የተከፈተ ሸሚዝ። ለእኔ ደግሞ ድሮ ማለት ልጅ ሆኜ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የማያቸው ነጋዴዎች ናቸው፤ ሽርጥ፣ ነጭ ኮፍያ፣ በሂና የቀላ ጺም።

እኛ ሳንነጋገር ነው የተዘጋጀነው። ስለዚህ አዳራሹ በር ላይ አንድ መኳንንት፣ አንድ የ1960ዎቹ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ አንድ የባቲ ነጋዴና አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ተሰለፍን። ባለ ሱፉን «የአንተ ድሮ የታለ?» ስንለው፣ «የተመረቅሁበት እኮ ነው፤ 2003 ድሮ አይደለም?» አለ። ልክ ነህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሦስት ነገር ጠይቅ። ዘመኑ የቱ ነው? ሁሉም እንግዳ ነው የሚለብሰው ወይስ ሚዜዎቹ ብቻ? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ የሚለበሰው መቼ ነው? ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሆነ ኒካ ሲታሰር እንዲህ ያለ ልብስ ቦታ የለውም። የእኛ ሙሽራ ይህን ቀድሞ ለይቶት ነበር፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጉ፣ ከሰዓት አዳራሽ ድሮ። እንግዲህ ሁለት ልብስ ያስፈልግሃል ማለት ነው። በጀትህን ከዚህ ተነስተህ ያዝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የወሎ ድሮ ካባ ብቻ አይደለም። የ66ቱም የ77ቱም ረሃብ ድሮ ነው። ቀይ ሽብርም ድሮ ነው። የ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ገና ድሮ እንኳ አልሆነም። ከእኛ አንዱ መጀመሪያ ካኪ ለብሶ የደርግ ካድሬ ልሁን ብሎ ነበር። እየሳቀ ነው ያለው፣ ክፋት የለውም። ግን አዳራሹ ውስጥ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች አሉ፤ በማን ላይ ምን እንዳለፈ አታውቅም። ተው አልነው፣ ተወ። ወታደር የሚያስመስል ልብስ ለኬላም አይመችም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ቆሞ «ኧረ ለሠርግ ነው» እያሉ ማስረዳት ጨዋታ አይደለም።

2. እናቱ እሺ ሳይሉ ልብስ አትግዛ

የሙሽራው እናት ካርዱን ሲያዩ «ሠርግ ነው ቲያትር?» አሉ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ከእጃቸው በልቼ ነው ያደግሁት። ልጃቸው እንዲያሳምናቸው ላከኝ። ይህ ስህተት ነው። ሙሽራው ራሱ ይናገር፤ አንተ አጠገቡ ተቀመጥ።

የቡና ሰዓት ምረጥ። አቦሉ ላይ ዝም በል። ቶናው ላይ ፎቶ አሳይ፤ በተለይ የራሳቸውን ወይም የባለቤታቸውን የድሮ ፎቶ ካገኘህ እሱን። እኛ ሳጥን ውስጥ የነበረ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣን። አባትየው በወጣትነታቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ሱሪያቸው መሬቱን እየጠረገ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። በረካው ሳይቀዳ ነገሩ አለቀ።

ያስጨነቃቸው ለካ ልብሱ አልነበረም። «ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ጭፈራ ይጀመር ይሆን?» የሚለው ነበር። ስለዚህ ቃል ገባንላቸው፤ መጀመሪያ ጉልበት መሳም፣ ምርቃት፣ ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ዲጄ። ልብሱ ከተለመደው ወጣ ባለ ቁጥር ወጉን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ሰው ለልብሱ ይስቅልሃል። ለወጉ ግን አይስቅልህም።

ለትልልቅ ሰዎች ደግሞ «እንደፈቀዳችሁ ልበሱ» በሏቸው። የደሴ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና ማንም ሳይነግራቸው ከሁላችንም በላይ ድሮ ሆነው ተገኙ።

3. ልብሱን አትግዛ፤ አሰፋ፣ ተከራይ፣ ተዋስ

መጀመሪያ ሙሽራው የሚለብሰውን እወቅ። እሱ ካባ ከለበሰ አንተ ካባ አትልበስ፤ ሠርጉ የእሱ ነው። ጃኖ፣ ኩታ፣ እጀ ጠባብና ተነፋነፍ ሱሪ፣ በርኖስ፣ ምርጫው ብዙ ነው። የእኛ መኳንንት በርኖስ ነበር የለበሰው። መኳንንቱ እንግዲህ ከሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን አንዱ ነው። አንድ የሙሽራው አጎት «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ራስ ሆንክ?» ሲሉት፣ «ጋሼ፣ ንጉሥ ሚካኤልም እኮ ፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ» አላቸው። አጎትየው መልስ አጡ።

በርኖሱ ግን ጉድ ሠራው። በርኖስ የበግ ፀጉር ነው። ደሴ ላይ፣ በጥር ብርድ፣ እንደሱ ያለ ነገር የለም። ሠርጉ ግን ኮምቦልቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ አየሩ ሌላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሰው ጢም ባለበት አዳራሽ፣ መኳንንቱ በሶፍት ፊቱን እየጠረገ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ጨረሰ። ልብስ ስትመርጥ የምትሰፋበትን ከተማ ሳይሆን የምትለብስበትን አስብ።

ቤልቦተም ለሚፈልግ፣ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ከሰልቫጅ ተራ ወገቡ የሚሆንህን አሮጌ የሱፍ ሱሪ ግዛ። ልብስ ሰፊ ጋ ወስደህ የሁለቱንም እግር የውጭ ስፌት ከጉልበት እስከ ታች አስፈታ። ክፍተቱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ይገባል፤ ጫፉ ጉልበት ላይ፣ ሰፊው ጎን ቁርጭምጭሚት ላይ። የታችኛው ስፋት 20 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። 30 ካደረግኸው ስትጨፍር ራስህን ትጠልፋለህ። ቁራጩ ከሱሪው በቀለም ቢለይ ያምራል። የጓደኛችን ቡናማ ሱሪ ላይ ብርቱካናማ ገብቶበት ነበር፤ ሙሽራው ራሱ ቀንቶበታል። ለአፍሮው ዊግ ከማድረግ ሦስት ወር ፀጉር አሳድግ። ከኋላ ኪስህ ሚዶ ብቅ ይበል።

ሽርጥ ለምትለብስ፣ ከሥሩ ቁምጣ ልበስ። በሽርጡ ላይ ደግሞ ቀበቶ እሰር። እስክስታው ትከሻ ብቻ የሚነቀንቅ የሚመስለው ሞክሮት የማያውቅ ሰው ነው። ይህን የምነግርህ በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው፤ ዝርዝሩ ይቅር።

ጺሙ ነው ብዙ ያስቸገረኝ። የሰው ሠራሽ ፀጉር ገዝቼ፣ በሂና ነክሬ፣ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ማስቲሽ ለቆዳ አይደለም። ሁለት ቀን አገጬ ሲነድ ከረመ። ለሽፋሽፍት የሚሆነውን ማጣበቂያ ከኮስሞቲክስ ሱቅ ግዛ፤ መጀመሪያ ክንድህ ላይ ትንሽ ቀብተህ አንድ ቀን ጠብቅ። ካላሳከከህ ቀጥል። ፊትህን በደንብ ተላጭ፣ ላብህን ጥረግ፣ ከጉንጭ ጀምረህ ወደ አገጭ ውረድ። ከከንፈርህ በላይ አትለጥፍ። ወጥ ይገባበታል።

ካባም ሆነ ጌጥ ስትከራይ ከመውሰድህ በፊት ጥልፉን፣ ገበሩን፣ ጫፉን በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ አከራዩም እያየህ አንሳ። እኛ አላነሳንም። ስንመልስ «ይህች የዘይት ጠብታ የእናንተ ናት» ተባልን። ጠብታዋ ከእኛ በፊት ስንት ሠርግ እንዳየች እግዜር ይወቅ። ከመያዣው ተቆረጠ።

ደግሞም የቄስም የሸህም ልብስ አትንካ። ጎራዴው ከእንጨት ይሁን፤ ከአዳራሹ ውጭ ከቦርሳ አይውጣ። የአያትህ ምንሽር ቤት ይቀመጥ፣ የፕላስቲኩም ጠመንጃ እንዲሁ። የአንበሳ ጎፈርም ሆነ የነብር ለምድ እውነተኛውን አገኘሁ ብሎ የሚያመጣልህ ካለ አመስግነህ መልሰው፤ የዱር እንስሳ ቆዳ በሕግ ያስጠይቃል። ከመጋረጃ ጨርቅና ከሰው ሠራሽ ፀጉር የሚሠራ ልብስ ሰፊ አታጣም።

4. ባችለሩ፦ ቀኑን ምረጥ፣ ከዚያ ቦታውን

ቦታውን ከመምረጥ በፊት ካላንደር አውጣ። እኛ ረቡዕ ሄደን ዓርብ ተመለስን። ረቡዕና ዓርብ ለእኛ ጾም፣ ዓርብ ደግሞ ለእነሱ ጁምዓ። አራት የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው ከሳምንቱ ውስጥ የከፋውን ቀን መረጡ። ሠርጉ እሑድ ስለነበር ሙሽራው በሁለት ቀን ውስጥ የተዘጋ ድምፁ አልተከፈተለትም። ቃል የገባው በሹክሹክታ ነው። የሙሽሪት አክስት «ፈርቶ ነው እንዴ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜና እሑድ ይሁን።

ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሁሉም በቴሌብር ይላክለት፤ እያንዳንዱ ወጪ በግሩፑ ላይ ይጻፍ። ሙሽራው አይከፍልም። የመዋጮው ልክ ኪሱ የሳሳው ልጅ የሚችለውን ያህል ይሁን። ይህን ግሩፕ ላይ አትጠይቅ፤ ለየብቻ ደውል። ሰው ፊት «እችላለሁ» ያላለ ማን አለ?

ሐይቅ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ሰዓት አይሞላም። ውሃው ሰፊ፣ ንፋሱ ጥሩ፣ ዓሣው ደግሞ ለእንደኛ ዓይነት ቡድን የተፈጠረ ነው። ዓሣ አይታረድማ። የማን ቢላ፣ የማን እጅ የሚባል ነገር የለበትም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። ለጾም ዓሣ ይበላል ወይ የሚለውን ግን አትጀምረው። እኔ ሽሮ አዘዝኩ፤ ሌላው ክርስቲያን ቆሮሶውን ከነአጥንቱ ጋጠ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። መጥበሻውና ዘይቱ ለሥጋ ውሎ እንደሆነ ግን አስተናጋጁን ጠይቅ፤ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይጠቅማል።

ሁለቱ ጓደኞቻችን አይጠጡም። ጉዞው በቢራ ላይ ብቻ ከተሠራ ሁለት ቀን ሙሉ የሰው ጠርሙስ ሲቆጥሩ ይውላሉ። እኛ ቡና አስፈላን፣ ካርታ ተጫወትን፣ ጀልባ ተከራየን። ጀልባ ላይ ስትወጣ የሕይወት ጃኬት ከሌለ አትውጣ። ሐይቁ ጥልቅ ነው። የጠጣ ሰው ደግሞ እግሩን እንኳ አይንከር፤ ይህን የሚቆጣጠር አንድ ያልጠጣ ሰው መድቡ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትገባበትም፤ እህቶች አብረዋችሁ ካሉ ፕሮግራሙን በዚህ መሠረት አውጡት። እኛ ለባችለሩ ቲሸርት አሳትመን ነበር፤ ደረቱ ላይ የሙሽራው ፊት፣ ከሥሩ «የመጨረሻው ነፃነት»። በሩ ላይ የቆሙት አባት ቲሸርቴን አነበቡ። ከዚያ ፊቴን አዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ዛፍ ሥር ሄጄ ገልብጬ ለበስኩት፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደረብኩ። ነጠላ ወይም ጋቢ በቦርሳህ ያዝ።

የሚቅም ካለ ሐይቁን እያየ ይቃም፣ የግሉ ጉዳይ ነው። ግን በምርቃና ሰዓት የተወሰነ ውሳኔ ሁሉ ጠዋት እንደገና ድምፅ ይሰጥበት። «ሙሽራው አዳራሽ በፈረስ ይግባ» የተባለው በዚያ ሰዓት ነው። ሁላችንም አጨበጨብን። ጠዋት ማንም «ቆይ እስቲ» አላለም።

ጊዜም ገንዘብም ከሌለ ደግሞ የጦሳ ተራራ አለላችሁ። ንጋት ላይ ቴርሞስና አምባሻ ይዞ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል እያዩ ቡና መጠጣት ከብዙ ባችለር ይበልጣል። ከቆላ የመጣ ጓደኛ ካለ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

5. ሐረጎን ያለ ትርኢት ውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ጥምዝምዝ ነው። የጭነት መኪና ይበዛበታል፣ ጉም የሚወርድበት ቀን አለ። የሠርግ አጀብ ደግሞ ጤነኛ ሹፌር ያሳብዳል። ጥሩምባ፣ መቅደም፣ ጎን ለጎን መንዳት። ቪዲዮ ቀራጩ የኋላ ኮፈን አስከፍቶ እግሩን አንጠልጥሎ ካልቀረጽኩ ይላል። ሐረጎ ላይ አይሆንም። ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ወይም ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ይቅረጽ። ሚዜ ነህ፤ ይህን የምትናገረው አንተ ነህ፣ ሙሽራው በዚያ ቀን አፍ የለውም።

ልብሱን አዳራሹ ጋ ደርሰህ ልበስ። በርኖስ ለብሶ በሚኒባስ መታጠፍ፣ ጺም ለጥፎ በጥምዝምዝ መንገድ ማስመለስ፣ ሁለቱንም አይቻለሁ። የመመለሻውን ሰዓት ደግሞ አስቀድመህ ጠይቅ፤ በዚያ ሰሞን የባጃጅና የመኪና የሰዓት ገደብ ካለ ድግሱ በቀን ይለቅ። እኛ 7 ሰዓት ላይ ገብተን ሳይመሽ ወጥተናል።

ቦርሳህ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ መርፌና ክር፣ ያንን ማጣበቂያ፣ ሶፍት፣ ቻርጀር፣ ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ይኑርህ። መርፌ ቁልፍ ብዙ ያዝ። እኔ 12 ይዤ ሄጄ 12ቱም አለቁ።

6. አዳራሹ ውስጥ

ስለ ፈረሱ በአጭሩ። ፈረሱ ጄነሬተርም ስፒከርም ሰምቶ አያውቅም። ዲጄው የመግቢያውን ዘፈን ሲለቀው ደነገጠ። ባለቤቱ ጎበዝ ሆኖ ሙሽራውን ቀድሞ አወረደው እንጂ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፈው። ሙሽራው በእግሩ ገባ፤ ፈረሱ ግን ቀድሞት ገብቷል፣ እስከ ኬኩ ድረስ። ፈረስ ግድ ከሆነ ባለቤቱ ልጓሙን ይያዝ፣ ሙዚቃው ይጥፋ፣ መውረጃው ከበሩ ሃምሳ ሜትር ይራቅ።

አሁን ወደ ምግቡ። የወሎ ሠርግ ሁለት ወጥ ቤት አለው፤ የክርስቲያንና የሙስሊም። ሁሉም ወገኑን ያውቃል፣ አስተናጋጁም ሰውን አይቶ ይመራል። ችግሩ ሰውን የሚያየው በልብሱ ነው።

ሽርጤን ታጥቄ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ቀይ ጺሜን ይዤ ስገባ አንድ ልጅ ሳይጠይቀኝ በአክብሮት ወደ ሙስሊሞቹ በኩል መራኝ። ወንበር ሳቡልኝ። ቃሪቦ ቀረበልኝ። ሳህን ገና አልመጣም። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ዞር ብለው «እስቲ ዱዓ አድርጉልን፣ ሸሁ» አሉኝ። ቀና ስል ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቷል። ፀጥ። ከማዶ ሙስሊሙ ጓደኛዬ፣ መኳንንቱ፣ በርኖሱን አፉ ውስጥ ወትፎ ይንቀጠቀጣል።

ወደ አዛውንቱ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «አባባ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ልብሱ ለሠርጉ ነው።»

አዩኝ። «ጺሙስ?»

«እሱም ለሠርጉ ነው።»

ይህን ስል የግራ ጉንጬ ጺም ከነማጣበቂያው ወርዶ ቃሪቦዬ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው አንተ አሚን በል» ብለው ዱዓውን ራሳቸው አደረጉት። ለሙሽሮቹ፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለዚህም ልጅ የራሱን ጺም አብቅልለት»። አሚን አልኩ። ሁሉም አሚን አሉ።

እሳቸው በሳቅ አለፉት። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሃይማኖቴን አሾፈበት ብሎ ቢቀየም አልፈርድበትም። ስለዚህ ልብስህ ሌላ ሰው የሚያስመስልህ ከሆነ ማተብህን ከልብሱ ውጭ አድርገው። ለአስተናጋጆቹ አለቃ «ሚዜዎቹ እነ እንትና ናቸው» ብለህ ቀድመህ አሳያቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሚዜዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥ፤ ብቻህን አትዙር።

ጉልበት ስትስም ጺሙንም ዊጉንም አውልቅ። ሽማግሌ የሚመርቀው ፊትህን አይቶ ነው። ፎቶም መጀመሪያ እንደ ወጉ ከቤተሰብ ጋር ተነሱ፣ ከዚያ የድሮው ይቀጥላል። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ከመልቀቅህ በፊት የሙሽሪትን ወገን አስፈቅድ፤ እኔ የማውቀው አንድ ኩርፊያ ከዚህ የመጣ ነው። አይጠየፍ አዳራሽ ሄደን ፎቶ እንነሳ የምትሉ ከሆነም፣ የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት ነውና ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ቦታው ላይ ያሉትን ሰዎች ቀደም ብሎ አስፈቅዱ። ስሙን ለማያውቅ እንግዳ ማንንም የማይጠየፍ ማለት እንደሆነ ንገሩት።

ዲጄውን ደግሞ ከሠርጉ በፊት አግኘው። ልብሱ ድሮ ሆኖ ሙዚቃው የዘንድሮ ብቻ ከሆነ ይጎረብጣል። ቢያንስ መግቢያው ላይ ማሲንቆ ይሰማ፤ ባቲም ሆነ አምባሰል ያገሩ ቅኝት ነው። እኛ ይህን የጠየቅነው ፈረሱ ከወጣ በኋላ ነው።

7. ማግስቱ

ማግስቱ መልስ ነው፤ ድካሙ ገና አላለቀም። ስለዚህ የተከራየኸውን ልብስ የምትመልሰውን ሰው ሠርጉ ሳይጀመር መድብ። በርኖስ አይታጠብም፤ ንፋስ ላይ ይሰቀል፣ ይራገፍ። ወጥ የነካው ጥልፍ ካለ አትሸው፤ በደረቅ ጨርቅ ተጭነህ አንሳና ለአከራዩ ንገረው። ከደበቅኸው ዞሮ ዞሮ ያገኘዋል። ጺሙ ደግሞ በዘይት ይላቀቃል፤ የምግብ ዘይት ይበቃል፣ አምስት ደቂቃ አቆየውና ቀስ ብለህ ሳብ።

ለመያዣ መታወቂያህን አስይዘህ ከሆነ ሳትቀበል ከደሴ እንዳትወጣ። እኔ ረስቼው ኮምቦልቻ ደርሼ ነው ትዝ ያለኝ፤ ኬላው ላይ፣ አገጬ ቀልቶ፣ ቀኝ ጉንጬ ላይ አራት ክር ቀይ ጺም እንደተጣበቀ። ወታደሩ ብዙ አየኝ። «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ሚዜ ነበርኩ» አልኩት። ሣቀና «ተመለስና መታወቂያህን አምጣ» አለኝ።